ጉበቴን ገበያ ያስወጣው ክኒን

ዓሣ ስገዛ የጆሮውን ክዳን ገልጬ ስንጥቡ ቀይ መሆኑን ሳላይ ብር አልቆጥርም። ቅቤ ሳልቀምስ፣ በርበሬ በመዳፌ ሳላሽ አልገዛም። ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከጣና ዳር ብዙም በማትርቅ አነስተኛ ምግብ ቤት ዓሣ ስጠብስና ወጥ ስሠራ ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ፤ የሚገባልኝን ዕቃ መመርመር እንጀራዬ ነው። ታዲያ በየማታው የምውጠውን አንድ ነገር አሥራ አንድ ወር ሙሉ ሳልገመግም መቆየቴ አሳፈረኝና ይህን ለመጻፍ ተቀመጥሁ።

የምገመግመው ሁለት ነገር ነው። አንዱ አቶርቫስታቲን የሚባለው ኮሌስትሮል የሚቀንስ ባለ 20 ሚሊ ግራም ክኒን ነው፤ ሌላው ክኒኑን የምገዛበት ፋርማሲ። የፋርማሲውን ስም አልጽፍም። ብጽፍ ዘመዷ ነው ትላላችሁ፤ ደግሞም ወረድ ብዬ ስለ ሌላ መድኃኒት ቤት የማማርረው ስላለኝ አንዱን በስም አመስግኜ ሌላውን በስውር መውቀስ ደስ አይለኝም።

ነገሩ የጀመረው በታላቅ ወንድሜ ነው። መርዓዊ ከተማ፣ ገበያ ላይ እህል ሲያስጭን ደረቱን ይዞ ተቀመጠ፤ ዕድሜው 52 ነበር። የልብ ደም ሥሩ ተዘግቶ ነው አሉን። እግዚአብሔር ይመስገን ተርፏል። ያከሙት ሐኪሞች ግን ወንድም እኅቶቹ ሁሉ ደማቸውን ይመርመሩ ብለው አዘዙ። እኔ የደም ግፊት መድኃኒት ከጀመርሁ ቆይቻለሁ፤ ስኳሬም ከመስመሩ ጠርዝ ላይ ነው። ስለዚህ ተራው የእኔ መሆኑን ሳልከራከር ተቀበልሁ።

የተመረመርሁት በሕማማት ሰኞ ነው። ቀኑን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ዓቢይ ጾም ከገባ ጀምሮ ቅቤ፣ ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል በአፌ አልዞረም። ዓሣ እንኳ፣ በጾም ለሚበሉት እጠብሳለሁ እንጂ እኔ አልበላም። በዚህ ሁሉ ላይ ወረቀቱ ሲመጣ ጠቅላላ ኮሌስትሮል 251፣ መጥፎ የሚባለው ኤልዲኤል 174 ይላል። የሌላ ሰው ውጤት የሰጡኝ መስሎኝ ስሜን ሁለት ጊዜ አነበብሁ። ሰባት ሳምንት ሽሮና ጎመን የበላች ሴት ከየት አምጥታ ነው?

የመጀመሪያው ክሊኒክ ይህን ጥያቄ አልመለሰልኝም። ሐኪሙ ወረቀቱን አየ፣ ማዘዣ ጻፈ፣ “ይህን ይውጡ” አለኝ፤ የሚቀጥለውን ሰው ጠራ። ማዘዣውን ይዤ የሄድሁበት መድኃኒት ቤት ደግሞ ሠላሳ ፍሬ ቆጥሮ ሰጠኝና “የአንድ ወር ነው፤ ከዚያ ይበቃሽ ይሆናል” አለኝ። የሚያብራራው ወረቀት ከሣጥኑ ጋር እዚያው ቀረ። እኔም ወሩን ጨርሼ ተውሁት፤ ለወባ እንደሚወሰደው፣ ሲያልቅ የሚያልቅ መስሎኝ። ሐምሌ መጨረሻ ላይ በሌላ ቦታ ስመረመር ኤልዲኤሌ 171 ነበር። የአንድ ወር ገንዘቤ ጣና ውስጥ የወደቀ ጨው ሆነ። በክኒኑ ተናድጄ ሁለተኛ ላልነካው ማልሁ። አሁን ሳስበው ቁጣው የተገባ ነበር፣ ቁጣው የወረደበት ግን ተሳስቷል።

አሁን የምሄድበት ፋርማሲ የገባሁት የግፊት መድኃኒቴን ልገዛ ነው። ከመስኮቱ ኋላ ያለው ፋርማሲስት ወጣት ልጅ ነው፤ ቢበዛ ሠላሳ ዓመት። ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ፣ የለም፣ አንድ የማይረባ ነበር፣ ተውሁት አልሁት። ስሙን ስነግረው እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

“እናቴ፣ ምግብ ቤት አለኝ ብለውኛል። ጓዳ ውስጥ ሽሮ ቢያልቅብዎ ምን ያደርጋሉ?”

“ልጅ ልኬ ከገበያ አስመጣለሁ።”

“ጉበትዎም እንደዚያው ነው። ይህ ክኒን ጓዳውን ይዘጋበታል፤ ሲቸግረው ገበያ ይወጣል። ገበያው ደምዎ ነው።”

ከኋላዬ ሦስት ሰዎች ተሰልፈዋል። እሱ ግን አልቸኮለም። የነገረኝን፣ ከዚያም በኋላ እየተመላለስሁ የጠየቅሁትን ሰብስቤ በገባኝ መጠን ላስቀምጠው፤ የዚህ ግምገማ ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ነውና።

በሰውነታችን ውስጥ ያለው ኮሌስትሮል አብዛኛው ከምግብ አይመጣም። ሰውነታችን ራሱ ይሠራዋል፤ ጉበት ደግሞ ዋናው ሠሪ ነው። የጾም ምሥጢሬ በዚህ ተፈታ። እኔ ስጾም ጉበቴ አልጾመም። ኮሌስትሮልም በራሱ መርዝ አይደለም፤ የእያንዳንዱ ሕዋስ ግድግዳ ያለ እሱ አይቆምም፣ ሐሞትም ብዙ ሆርሞኖችም ከእሱ ይሠራሉ። ችግሩ ስብ ከውኃ ጋር አለመስማማቱ ነው። ደም ደግሞ ውኃ ነው። ስለዚህ ኮሌስትሮል በደም ውስጥ የሚጓዘው ተጭኖ ነው። ኤልዲኤል የምንለው ራሱ ኮሌስትሮሉ ሳይሆን ጭነቱን የያዘው ዕቃ ነው፤ ከዘጌ እንጨት ጭና እንደምትመጣ የደንገል ታንኳ አድርጌ ነው እኔ የማስበው። ታንኳዎቹ ሲበዙና የሚያራግፍ ሲጠፋ፣ እየተንሳፈፉ ወደ ደም ሥር ግድግዳ ይገባሉ። እዚያ የሰውነት ወታደሮች ይውጧቸዋል፤ ስብ ጠግበው እዚያው ይቀራሉ፤ በዓመታት ውስጥ ግድግዳው እያበጠ ይሄዳል። ያ እብጠት አንድ ቀን ሲቀደድ ደም ይረጋበታል። የወንድሜ የመርዓዊ ገበያ ጠዋት ይህ ነበር።

ክኒኑ ታንኳዎቹን አይነካም። ስብ አያቀልጥም፤ “ደም ሥር ያጥባል” የሚሉ ሰዎች አሉ፣ እሱንም አያደርግም። የሚሠራው ጉበት ውስጥ ነው። ኮሌስትሮል ከሃያ በላይ እርምጃ አልፎ ነው የሚሠራው። ከመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች አንዱን የሚያስኬደው ኢንዛይም ኤችኤምጂ ኮኤ ሪዳክቴዝ ይባላል፤ የሥራው ሁሉ ፍጥነት የሚወሰነው በእሱ ነው። የክኒኑ ቅርጽ ኢንዛይሙ ከሚሠራበት ጥሬ ዕቃ ጋር በከፊል ስለሚመሳሰል፣ ቀድሞ ገብቶ ቦታውን ይይዛል። ሊጡ ተቦክቶ፣ ጋጋሪዋም ቆማ፣ ምጣዱ ላይ ግን ሌላ ድስት ተጥዶበታል እንደ ማለት ነው። ምጣዱም አልተሰበረም፣ ሊጡም አልተደፋም፤ የሚፈስበት ቦታ ብቻ ጠፋ።

ጉበት ይህን ጉድለት ያውቃል። ሲያውቅ፣ በሕዋሶቹ ቆዳ ላይ ተቀባዮችን ያወጣል፤ ወደብ ላይ ቆመው ታንኳ የሚያራግፉ ተሸካሚዎች በሏቸው። ኤልዲኤሉን ከደም ውስጥ ይዘው ወደ ውስጥ ይጎትቱታል። በደም ምርመራ ወረቀት ላይ ቁጥሩ የሚወርደው በዚህ ነው። ተቀባዮቹን ያገኙት ማይክል ብራውን እና ጆሴፍ ጎልድስታይን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች ናቸው፤ በ1985 የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)።

ከዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ጠየቅሁት፤ ጥያቄዬን እስካሁን እኮራበታለሁ። “ከገበያ የሸመተውን ሁሉ ምን ያደርግበታል? ጉበቴ አይሰባብኝም?” አልሁት። ሳቀ። ጉበት ከኮሌስትሮል ሐሞት ይሠራል፣ ሐሞቱ ወደ አንጀት ይፈሳል፣ አብዛኛው ተመልሶ ቢመጠጥም ከፊሉ ከዓይነ ምድር ጋር ይወጣል አለኝ። ለካ ኮሌስትሮል ከሰውነት የሚወጣበት ዋናው በር ይህ ነው።

ክኒኑን ስተው ለምን 171 እንደተመለሰም ያን ዕለት ገባኝ። ድስቱ ከምጣዱ ላይ ሲነሣ መጋገሩ ይቀጥላል፤ ጓዳው ሲሞላ ተሸካሚዎቹ ከወደቡ ይመለሳሉ። ያዳነ ወይም ያላዳነ ነገር የለም። ክኒኑ የሚሠራው ባለበት ቀን ነው። ይህን ለመናገር ሁለት ደቂቃ ይበቃል፤ መጀመሪያ የሄድሁበት ሁለት ቦታ ሁለት ደቂቃ አጥተው ሦስት ወር አባከኑብኝ።

ማዘዣዬ አሮጌ ስለነበረ በዚያ አልሸጠልኝም፤ ሐኪም ዘንድ መለሰኝ። ገንዘብ በእጄ ይዤ “አልሸጥልዎትም” ያለኝን ነጋዴ ከዚያ በፊት አላየሁም። አዲሷ ሐኪሜ የጉበት ምርመራ አዘዘች፣ ደኅና መሆኑን አየች፣ ከነሐሴ መጀመሪያ ጀምሮ እንደገና ያዝሁ። ኅዳር ላይ ኤልዲኤል 99 ሆነ። ከ174 ወደ 99። እውነት ለመናገር ወረቀቱን አጣጥፌ መቀነቴ ውስጥ አሰርሁት፤ ሁለት ቀን እዚያው ነበር።

ነጋዴ ነኝና ከዚያ በኋላ ያሰብሁት እጥፉን ብውጥስ የሚል ነበር። 20 ይህን ካደረገ 40 ደግሞ ሌላ ይህን ያህል አያወርድም? አያወርድም። መጠኑ እጥፍ በሆነ ቁጥር ኤልዲኤል የሚቀንሰው ተጨማሪ ስድስት በመቶ አካባቢ ብቻ ነው። ትልቁን ሥራ የሚሠራው የመጀመሪያው መጠን ነው። ሐኪሜ እንዳለችው ከዚህ በላይ ማውረድ ካስፈለገ ሌላ በር ማንኳኳት ይሻላል፤ ለምሳሌ ኢዜቲማይብ የሚባለው ክኒን አንጀት ላይ ቆሞ ኮሌስትሮል እንዳይመጠጥ ይከለክላል። ለወንድሜ ሁለቱን አብራ ጽፋለታለች። ተሸካሚዎቹን ቶሎ የሚያስፈርሰውን ፕሮቲን የሚይዙ ወይም እንዳይሠራ የሚከለክሉ መርፌዎችም አሉ፤ በሁለት ሳምንት አንዴ፣ አንደኛው እንዲያውም በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ የሚወጋ። እኔን አይመለከተኝም፤ አልፈዋለሁ።

ስለ አመጣጡ ግን አላልፍም። ክረምት ላይ እንጀራ ሲሻግትብኝ የምረግመውን ረግሜ እጥላለሁ። ጃፓን ውስጥ አኪራ ኤንዶ የተባለ ሳይንቲስት ሻጋታ ሲፈልግ ዓመታት ፈጅቷል። ከስድስት ሺህ በላይ ሻጋታና ፈንገስ መርምሮ፣ በ1973 የዚህን መድኃኒት ቤተሰብ የመጀመሪያውን አገኘ፤ ያን የሰጠው ሻጋታ በኪዮቶ ከተማ ከአንድ እህል መሸጫ በመጣ ሩዝ ላይ የበቀለ ነበር። ሻጋታው ያንን ንጥረ ነገር የሚያመነጨው ከጠላቶቹ ራሱን ለመከላከል ይሆናል ብሎ ነው ፍለጋውን የጀመረው። ኤንዶ በ2024 በ90 ዓመቱ ዐረፈ። የእኔው ክኒን በቀጥታ ከሻጋታ የተገኘ አይደለም፤ በ1985 አሜሪካ ውስጥ በኬሚስቶች የተቀመመ ነው፤ በ1996 ፈቃድ አግኝቶ ሊፒተር በሚል ስም ተሸጠ። መንገዱን የከፈተው ግን የሩዙ ሻጋታ ነው። የእህል ነጋዴው ሩዙን ሲሰጥ ምን እንዳለ ባውቅ ደስ ባለኝ።

አሁን ወደ ሕመሙ። በሦስተኛው ሳምንት ጭኔን ያዘኝ። ሁለቱንም ጭኔን፣ ደረጃ የወጣሁ ያህል፣ ከቂጤ እስከ ጉልበቴ። ጎረቤቴ “ጡንቻ ይበላል ይባላል” ብላኝ ስለነበር ክኒኑን ይዤ ወደ ሐኪሜ ሮጥሁ። ጡንቻ ሲጎዳ በደም ውስጥ የሚወጣውን ነገር መረመረች፤ ደኅና ነው። ከዚያም አንድ ጥናት ነገረችኝ። በእንግሊዝ አገር፣ በሕመም ምክንያት ይህን የመሰለውን መድኃኒት የተዉ ስልሳ ሰዎች ነበሩ። ለእያንዳንዳቸው አሥራ ሁለት ጠርሙስ ተሰጣቸው፤ አራቱ ውስጥ አቶርቫስታቲን 20፣ ልክ የእኔው፣ አራቱ ውስጥ መድኃኒት የሌለበት አምሳያ ክኒን፣ አራቱ ባዶ። በየወሩ አንዱን እየከፈቱ፣ ክኒን ባለበት ወር የትኛው እንደሆነ ሳያውቁ፣ ሕመማቸውን በየቀኑ መዘገቡ። ባዶ ጠርሙስ በያዙበት ወር ሕመሙ ቀለል አለ። አምሳያውን በዋጡበት ወር ግን እውነተኛውን በዋጡበት ወር ከተጨመረባቸው ሕመም ዘጠና በመቶው ተጨመረባቸው። ሕመሙ ውሸት አልነበረም፤ አብዛኛውን ያመጣው ግን የመዋጡ ፍርሃት ነው።

እኔ ይህን ስሰማ መጀመሪያ ተቆጣሁ። ታዲያ ያመመኝ ጭኔ ቅዠት ነው? ቤት ገብቼ ሳስበው ግን፣ በዚያው ሳምንት ምድጃዬን ከጓሮ ወደ ፊት ለፊት አዛውሬ ነበር፤ ድንጋዩን ከሁለቱ ልጆች ጋር የተሸከምሁት ራሴ ነኝ። ክኒኑ ይሁን ድንጋዩ ወይስ የጎረቤቴ ምላስ፣ ለይቼ አልምልም። በአሥር ቀን ለቀቀኝ፤ አልተመለሰም። ይህን ስል ሁሉም ሕመም ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። እውነተኛው የጡንቻ መፍረስ ጥቂት ሰው ላይ ቢሆንም አለ። ሰውነት በኃይል ከደከመና ሽንት እንደ ኮካ ኮላ ከጠቆረ ክኒኑን ትቶ በዚያው ቀን ሆስፒታል መሄድ ነው፤ ይህ ምክር የእኔ ሳይሆን የሐኪሜ ነው። ስኳርንም በጥቂቱ ከፍ ሊያደርግ ይችላል፤ በተለይ እንደ እኔ ጠርዝ ላይ ያለን ሰዎች ላይ። ስለዚህ በየስድስት ወሩ ስኳሬን ታያለች፤ እስካሁን ከነበረበት አልተነቃነቀም። ልጅ ለመውለድ ያሰበች ወይም ያረገዘች ሴት ደግሞ ሐኪሟን ሳትጠይቅ አትንካው።

ፋርማሲው አምስት ኮከብ ያገኘው ጥር ላይ ነው። ጨጓራዬን ስታመም የጨጓራ ባክቴሪያ አለብሽ ተባልሁና ሌላ ሐኪም የሦስት ዓይነት መድኃኒት ማዘዣ ሰጠኝ። ያንን ይዤ ወደ ወጣቱ ፋርማሲስት ሄድሁ። ማዘዣውን አነበበ፣ ከዚያ እኔን አየኝ፣ ከዚያ እንደገና አነበበ። ከሦስቱ አንዱ ክላሪትሮማይሲን ነበር። አቶርቫስታቲንን ሰባብሮ ከሰውነት የሚያስወጣ ኢንዛይም አንጀትና ጉበት ውስጥ አለ፤ ክላሪትሮማይሲን ያንን ኢንዛይም ያስረዋል። ያን ጊዜ የኮሌስትሮሉ መድኃኒት በደም ውስጥ ይከማቻል፣ የጡንቻ ጉዳት የሚፈራውም ያን ጊዜ ነው። ቆሜ እያየሁት ለሐኪሜ ስልክ ደወለ። ጭንሽን ታመሽ ስለነበር የባክቴሪያውን መድኃኒት እስክትጨርሺ ለአሥራ አራት ቀን ክኒኑን አቁሚ ተባልሁ፤ አቆምሁ፤ በአሥራ አምስተኛው ቀን እሱ ራሱ ደውሎ “እናቴ፣ ዛሬ ማታ ይጀምሩ” አለኝ። ያዘዘልኝ ሐኪም ምን እንደምወስድ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርሁትም። የሁለታችንን ስሕተት የያዘው ከመስኮቱ ኋላ ያለው ልጅ ነው። ለዚህ አገልግሎት አንድ ሳንቲም አላስከፈለኝም።

በዚያው ቀን ስለ ግሬፕ ፍሩትም ነገረኝ፤ ጭማቂው በብዛት ሲጠጣ ያንኑ ኢንዛይም አንጀት ላይ ያስራል። ጭማቂ ቤት ሄዳችሁ የተቀላቀለ ስታዙ ምን እንደገባበት ጠይቁ። ማንጎ፣ አቮካዶ፣ ፓፓያ፣ ተራው ብርቱካን ምንም አይሉም።

ቡናን በተመለከተ ከሱ ጋር ተጣልተናል። በወረቀት ሳይጠለል የሚጠጣ የተፈላ ቡና ውስጥ ካፌስቶል የሚባል ቅባት አለ፤ ኤልዲኤልን ከፍ ያደርጋል። በወረቀት ሲጠለል አብዛኛው ወረቀቱ ላይ ይቀራል። ልጄ ሆይ፣ የዘጌን ቡና በወረቀት አልጠልም አልሁት። ከአቦል እስከ በረካ የነበረውን ቀንሼ አቦልና ቶና ላይ ቆሜያለሁ፤ ከዚህ በላይ አትጠይቁኝ።

የምጣዱ ዘይት ግን ሕሊናዬን ነካው። ከዓመታት ወዲህ የምጠብሰው በሚረጋው የፓልም ዘይት ነበር፤ ርካሽ ነው፣ ቶሎ አይቃጠልም፣ ቆሮሶውን ጥርት አድርጎ ያወጣል። ከእንስሳ ስላልመጣ ኮሌስትሮል የለበትም፤ ጀሪካኑ ላይም እንደዚያ ይጻፋል። የሚረጋው ግን ስቡ እንደ ቅቤ ዓይነት ስለሆነ ነው፣ ያ ስብ ደግሞ ጉበት ተቀባዮቹን ከወደቡ እንዲያነሣ ያደርገዋል። ለካ በጾሙ ሁሉ እኔም የጾም ሽሮዬን በእሱ ሳቁላላ ነበር! ክኒኑ ተሸካሚ ሲያወጣ ዘይቱ ተሸካሚ ያባርራል። ለቤቴ ወደ ሱፍና ኑግ ዘይት ዞርሁ። ለምግብ ቤቱ ለመዞር ጊዜ ፈጀብኝ፤ የዋጋውን ልዩነት የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

ቅሬታዬን ልጻፍ። ዋጋውን በቁጥር አላስቀምጥም፤ ይህን እስክታነቡ ይለወጣል። ግን በየወሩ የሚከፈል፣ ማቆሚያ የሌለው ክፍያ መሆኑን አስባችሁ ግቡበት። የፋብሪካው ዓይነት ይቀያየራል፤ አንድ ወር ነጭ ሞላላ፣ ሌላ ወር ክብ። ፍሬ ነገሩ አንድ ነው ተብያለሁ፤ ኤልዲኤሌም በሦስቱም ፋብሪካ ያው ሆኗል፤ ግን ሳጥኑ በተለወጠ ቁጥር ልቤ ይፈራል። ማብራሪያው ወረቀት በእንግሊዝኛ ነው፤ ፊደሉ የጤፍ ፍሬ ያህላል። በአማርኛ አንድ ገጽ ማተም ይህን ያህል ከባድ ነው? ፋርማሲውም እሑድ እኩለ ቀን ላይ ይዘጋል፤ ሁለት ጊዜ የተዘጋ በር አንኳኩቻለሁ። አንድ ጊዜም “ነገ ይገባል” ያለኝ መድኃኒት አራት ቀን ቆይቶ ገብቷል።

የማይሰማ መድኃኒት መሆኑንም እወቁ። የራስ ምታት ክኒን ውጣችሁ ራሳችሁ ሲሻላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ይህ ግን ዛሬም ያው ናችሁ፣ ነገም ያው። ጥቅሙ የሚታየው ከብዙ ሰው መካከል በመቁጠር ነው። በ1994 የታተመ የስካንዲኔቪያ አገሮች ጥናት ነበር፤ ሲምቫስታቲን በተባለው ወንድሙ፣ የልብ ሕመም ባለባቸው 4444 ሰዎች ላይ። በአምስት ዓመት ገደማ ውስጥ አምሳያ ክኒን ከዋጡት ከመቶ አሥራ ሁለቱ ሲሞቱ፣ መድኃኒቱን ከዋጡት ስምንቱ ሞቱ። ከመቶ አራት ሰው። እነዚያ ቀድመው የታመሙ እንደ ወንድሜ ያሉ ናቸው፤ እንደ እኔ ላለች፣ ገና ላልታመመች፣ ቁጥሩ ከዚህ ያንሳል። ሐኪሜ ይህን ሳትደብቅ ነግራኛለች። እኔም አስቤ፣ የወንድሜን ደረት አስቤ፣ እወስዳለሁ አልሁ። ሌላው ሰው አስቦ አልወስድም ቢል አልፈርድበትም፤ ሳይነግሩት ቢተው ግን ያሳዝነኛል።

መቼ እንደሚዋጥ ለሚጠይቁ፤ ሲምቫስታቲን ቶሎ ከሰውነት ስለሚወጣ፣ ጉበትም ኮሌስትሮል የሚሠራው በብዛት ሌሊት ስለሆነ ማታ ነው የሚወሰደው። አቶርቫስታቲን ግን ሥራው ከአንድ ቀን ለሚበልጥ ሰዓት ስለሚቆይ ጠዋትም ማታም ይሆናል፤ ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም። እኔ ምግብ ቤቱን ዘግቼ፣ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ እውጣለሁ። ጾምም አያስፈታም። እኅቴ ጠበል ልትወስደኝ አስባ “መድኃኒቱን አቁመሽ ነው የምትጠመቂው” ብላኝ ነበር፤ የንስሐ አባቴን ስጠይቃቸው “በጠበሉ ዋጪው” አሉኝ። እንደዚያው አደረግሁ።

ክኒኑን ምድጃ አጠገብ ካለው መደርደሪያ ላይ አታስቀምጡት። እኔ አስቀምጬ ነበር። ልጁ ይህን ሲሰማ ያየኝን አስተያየት አልረሳውም፤ ከ30 ዲግሪ በታች መሆን አለበት፣ የሚያዝያ ባሕር ዳር እንኳ ለብቻው ይበቃዋል አለኝ።

ለክኒኑ ከአምስት አራት፤ አንዱን የቀነስሁት ለዋጋውና ለጤፍ ፊደሉ ነው። ለፋርማሲው የጥር ወሩን አምስት ሰጥቼ፣ ለእሑዱ በር ግማሽ ቀንሻለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ፋርማሲስቱ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ቤቴ መጣ፤ አላውቅም ነበር እንደሚመጣ። ሦስት ቆሮሶ ጥብስ አዘዘ። ዘይቱን አልጠየቀኝም፤ ይሉኝታ ይዞት ይሁን ረስቶት አላወቅሁም። ሳህኑን ሳስቀምጥለት ጎንበስ ብዬ “የሱፍ ነው” አልሁት።